የተተረተረችው ጨረቃ

ሰፈሩ በሙሉ እማማ ስፌት ነው የሚላት። ስፌቱ ሙያዋ ነው፤ «እማማ» የሚለው ግን ገና ጠጉሯ ሳይሸብት የተለጠፈባት ነው፣ በረመዳን እሷ ጉልበት ሥር ያልተቀመጠ የጎረቤት ልጅ ስላልነበረ። አሁን ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። የፊት ጥርሷ ክር በመበጠስ ብዛት ተሸራርፏል፣ ዓይኗ የመርፌ ቀዳዳ ለማግኘት መነጽር ላይ መነጽር ያስደርባታል፣ አፏ ግን እንደ ድሮው ነው። ደንበኛ ሱሪው ጠበበኝ ብሎ ሲመጣ «ሱሪው ምን አደረገ፣ ሆድህን ጠይቀው» ትለዋለች፤ ሰውየውም እየሳቀ ሱሪውን ትቶላት ይሄዳል።

ሌላም የሚነገርላት ነገር አለ። «እሷ እኮ ለሰው አታዳላም፤ ለራሷ ልጅ እንኳ አላዳላችም» ይሏታል፣ ያውም አፋቸውን ሞልተው። ልጆቻቸውን የሚሰጧትም በዚህ ተማምነው ነው። እሷ ግን ይህንን ምስጋና በሰማች ቁጥር ወይ የጠፋ መቀስ ትፈልጋለች፣ ወይ የተቋጠረ ክር ትፈታለች፣ ብቻ ዓይኗን ከሰው ዓይን ላይ ታነሳለች።

ረመዳን ሲገባ ከቀትር ወዲያ ያለው የአስር ሶላት ሲያበቃ የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፍና፣ የመርፌና የክር ቆርቆሮዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ከመስጂዱ ጀርባ ወዳለችው ክፍል ትሄዳለች። ክፍሏ አንድ መስኮትና ሁለት ያረጁ ምንጣፎች አሏት፤ ግቢው ውስጥ ለሶላት መታጠቢያ የሆነች፣ ውዱእ የሚደረግባት ቧንቧ አለች። ሃያ ምናምን ልጆች ጫማቸውን በር ላይ ከምረው ይገባሉ፤ ሲወጡ ደግሞ የግራውን ከቀኙ ለመለየት ግማሽ ሰዓት ይፈጃሉ። «ረመዳን ምንድን ነው» ብላ ጠይቃ መልሱን በቃል የምታስሸመድድ ሴት አይደለችም። እጃቸውን ነው የምታስተምረው። ግድግዳው ላይ ረጅም ወረቀት ለጥፋለች፤ ልጆቹ በየተራ የትናንቷን ጨረቃ ይስሉበታል፣ ከክር ቀጥና ስትወለድ፣ ስትሞላ፣ ስትጎድል። ጾሙ ሲገባደድ ለችግረኛ የሚወጣውን እህል እንዲያውቁት ባልዲ ሙሉ ስንዴ መሃል ላይ ታስቀምጥና ሁለት እጃቸውን ገጥመው አራት አራት ጊዜ እንዲዝቁ ታደርጋለች። እጃቸው ትንንሽ ስለሆነ ሁልጊዜ ይጎድላል። «በሉ፣ የጎደለውን እኔ ልሙላው» ትልና የራሷን እፍኝ ትጨምርበታለች።

ልጆቹ የሚሞቱለት ነገር ግን ጨርቁ ነው። ትንንሾቹ ሙሉ ቀን መጾም አይሆንላቸውም። ስለዚህ አንድ ቀን ከንጋት እስከ ዙህር፣ እስከ እኩለ ቀኑ ሶላት፣ ይጾማሉ፤ በማግስቱ ምሳቸውን በልተው ከዙህር እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ይጾማሉ። እናቶች «ሁለቱን ግማሽ ሰፍተን አንድ ሙሉ ቀን እናደርግልሃለን» እያሉ ሲያባብሉ የኖሩት በወሬ ነው። እማማ ስፌት ግን ልብስ ሰፊ ናትና ነገሩን እንደተባለው ወሰደችው። ለእያንዳንዱ ልጅ የትራስ ልብስ የምታህል ነጭ ጨርቅ ቆርጣ ግድግዳው ላይ ትሰቅላለች። ከደንበኞቿ ቀሚስ ገበር ከተረፈው ቁርጥራጭ ደግሞ ግማሽ ግማሽ ክብ ታወጣለች፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ያገኘችውን። የመጀመሪያውን ግማሽ የጾመ ልጅ አንዱን ቁራጭ በስፒል ጨርቁ ላይ ይሰካል፤ ሁለተኛውን ሲጨርስ ሌላውን ቁራጭ ይገጥምና በራሱ እጅ ይሰፋዋል። አንድ ሙሉ ጨረቃ ሆነ ማለት ነው። የሰው ጨረቃ መስፋት አይፈቀድም፤ እጁ ላይ መርፌ ቢወጋውም፣ ስፌቱ ጠማማ ቢሆንም ባለቤቱ ነው የሚሰፋው።

የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት እማማ ስፌት አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረቻት። ሌላ አልወለደችም። ሚጡ ትላታለች። ሚጡ ቀጭን፣ ሯጭና እልኸኛ ነበረች፤ በዚያ ረመዳን እስከ ሃያኛው ቀን ድረስ አንድም ግማሽ ሳታጓድል የጾመች እሷ ብቻ ነበረች። ያኔ ጾሙ የዋለው ፀሐይ አናት በሚበሳበት ወር ነው።

ያኔ ደግሞ እማማ ስፌት ትተረትር ነበር። ዋሽቶ የሰፋ ልጅ ጨረቃው በሁሉም ፊት ትተረተራለች፤ ደንቡ የእሷው ነበር፣ ማንም አላስተማራትም። በሁለተኛው ሳምንት የቀለም ነጋዴው ሚስት ልጅ ኪሱ ሙሉ የብስኩት ፍርፋሪ ይዞ ጾሜያለሁ ሲል ተያዘና ጨረቃው ተተረተረች። ልጁ እንባና ንፍጡን እያደባለቀ ወደ ቤቱ ሮጠ። እናቱ ነገሩን በሆዷ ያዘችው።

በሃያ አንደኛው ቀን ሚጡ አሥረኛዋን ጨረቃ ሰፍታ እንደ እናቷ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ፣ የቀለም ነጋዴው ሚስት ሁለት ሴቶች አስከትላ በሩ ላይ ቆመች።

«የአንቺዋ ትናንት ከዙህር በኋላ ቧንቧው ጋ ውሃ ስትጠጣ በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ» አለች። «የእኔን ልጅ ስትተረትሪበት ዝም ብያለሁ። እስቲ ዛሬ ደግሞ አንቺን እንይሽ።»

«እማዬ፣ ረስቼ ነው» አለች ሚጡ። «ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ መጥቼ፣ ጠምቶኝ ረስቼ ነው። ትዝ ሲለኝ አፌ ውስጥ የነበረውን ተፋሁት። ከዚያ እስከ መግሪብ ጾሜዋለሁ።»

ረስቶ የጠጣ ሰው ጾሙ አይፈርስም። እማማ ስፌት ይህንን ታውቃለች፤ የሰማችው ከልጇ ባነሰ ዕድሜዋ ከአባቷ አፍ ነው። ሁለት ቃል መናገር ይበቃት ነበር። ነገር ግን በሩ ላይ ሦስት ሴቶች ቆመዋል፣ ምንጣፉ ላይ ሃያ ልጅ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ እሷም «የራሷ ስትሆን ሰበብ አገኘችላት» የሚለው ወሬ ነገ ጠዋት ከየትኛው ሱቅ በር ተነስቶ የት እንደሚደርስ ታያት። የሰው አፍ ፈራች። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ቢፈለግም አይገኝም።

መቀሷን አነሳች። ሚጡ እየወጋት የሰፋችውን እያንዳንዱን ክር እየቆረጠች መዘዘችው፤ ሁለቱን ግማሽ በልጅቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

«ውሸታም አልወድም» አለች። የተናገረችው ለሴቶቹ ነበር፤ የሰማችው ግን ሚጡ ናት።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ሁለቱን ቁራጭ ምንጣፉ ላይ ጣለች፤ ጫማዋንም ከክምሩ ውስጥ ሳትፈልግ በባዶ እግሯ ወጣች። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። «አይ፣ ለራሷም አላዳላችም» ያለችው ከሦስቱ አንዷ ናት፤ ያ ምስጋና የተወለደው እዚያው በር ላይ ነው።

ባሏ አውቶቡስ ነጂ ነበር። ከሥራ ሲገባ ልጁን ጥግ ይዛ አገኛት፤ ጠይቆ ጠይቆ ነገሩን አወጣጣ። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ረስታ ከሆነማ ጾሟ ሙሉ ነው እኮ። አታውቂም ነበር እንዴ?»

ደግ ሰው ነበር። ጥያቄውን ሲጠይቃት መልሱንም አብሮ አቀበላት፣ እሷም ተቀበለችው።

«አላውቅም ነበር» አለች።

ሄዶ ልጁ አጠገብ ተቀመጠ። «እናትሽ አላወቀችም፣ ሚጡ። ያላወቀን ሰው ይቅር ይሉታል» ሲላት እማማ ስፌት ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ሰማች። ልጅቷ «እሺ» አለች። በማግስቱ እናትየው በልጆቹና በሴቶቹ ፊት «ትናንት ተሳስቻለሁ» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ሚጡም ከዚያ ቀን ወዲህ ለብዙ ዓመት የስፌት መርፌ አልነካችም።

እማማ ስፌት ከዚያ በኋላ የማንንም ልጅ ጨረቃ ተርትራ አታውቅም። መቀሱን ሱቅ ትታው መሄድ ጀመረች። ረስቶ የጠጣ ልጅ ሲገጥማት ጆሮው ሥር ጎንበስ ብላ «ምንም የለም፣ ጨርሰው» ትለዋለች እንጂ ነገሩን በሁሉም ፊት ከፍታ አስተምራ አታውቅም፤ ያንን ትምህርት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዘለለችው። የሚገርመው ይህንን ልብ ያለ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። ሰፈሩ አንዴ የያዘውን ይዞ ቀረ። ሚጡ የጣለቻቸው ሁለቱ ቁራጮች ደግሞ ከቆርቆሮዋ ውስጥ፣ ከክሩ ጥቅል በታች ናቸው።

ሚጡ አደገች፣ ነርስ ሆነች፣ አገባች፣ ወለደች። ለእናቷ ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ለዒድ ትመጣለች፣ ስጦታ ታመጣለች፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ሰዓቷን ታያለች። «መድኃኒትሽን እየወሰድሽ ነው? እንቅልፍሽስ እንዴት ነው?» ብላ ስትጠይቃት ተራቸውን የሚጠብቁ ሌሎች አሥር በሽተኞች ያሉባት ትመስላለች። አባትየው ሲሞት በመካከላቸው ወሬ የሚያመላልስላቸውንም ሰው አጡ። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሆነ።

ዘንድሮ ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ስልኳ ጮኸ።

«እማዬ፣ ፈረቃዬ ተቀይሯል» አለች ሚጡ። «ከሰዓት በኋላ ትንሿን የሚይዝልኝ ሰው የለም። ደግሞ ጓደኛዋ ስለ ጨርቁ ነግራት ካልሄድኩ ብላ ጨቅጭቃ ገድላኛለች። ላምጣልሽ?»

«አምጫት እንጂ፣ ይሄ ይጠየቃል?»

ሚጡ የምታመጣበትን ሰዓት ነገረቻት። ከዚያ «እማዬ፣ ያኔ ስለሆነው ነገር…» አለች። «አንቺም አላወቅሽም፣ አባዬ ነግሮኛል። እኔም ልጅ ነበርኩ፣ አካበድኩት። ይብቃን።»

እማማ ስፌት ስልኩን ዘግታ ቁጭ አለች። ያን ቀንና በማግስቱ የሰው እጅጌ ገልብጣ ስትሰፋ ዋለች። ደስታው ደስታ ነው፤ ልጇ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ በራሷ እግር ልትመለስላት ነው። ግን የምትመለሰው በአንዲት ውሸት ላይ ረግጣ ነው። ልንገራት? አለች። አሁን? ገና ደጄን ሳትረግጥ? ትንሽ ትልመድ፣ ልቧ ይርጋ፣ ለዒድ ቁጭ አድርጌ እነግራታለሁ ብላ ቆረጠች። እንዲህ ብላ ስትቆርጥ ቀለል አላት፤ ነገን የመሰለ መደበቂያ የለም መቼም።

ትንሿ ሰባት ዓመቷ ነው። ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ በዚያ ክፍተት ወሬው ሳያቋርጥ ይፈስሳል። መርፌ አያያዟ ጉድ ነው፤ ልክ እንደ አያቷ ትንሿን ጣቷን ወደ ላይ ትቀስራለች፣ ማንም ሳያሳያት። እማማ ስፌት ይህንን ባየች ቁጥር የራሷን መርፌ አስቀምጣ ታያታለች። አምስት ጨረቃ በአሥራ አንድ ቀን ሰፋች፣ ሁሉም ጠማማ፣ ሁሉም ሙሉ።

እናትየዋም እንዲሁ ቀስ በቀስ ገባች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጇን ልትወስድ ስትመጣ ግቢው በር ላይ ቆማ ስልክ ትደውል ነበር። በአምስተኛው ቀን እስከ ክፍሉ ደጃፍ መጣች። በስምንተኛው ቀን ጫማዋን አወለቀች። በአሥረኛው ቀን ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ ሳለ እናቷ ክር ከመርፌው ቀዳዳ አልገባላት ብሎ ስትታገል አየቻት፤ አየቻትና «አምጪው» አለች። ክሩን በከንፈሯ አርጥባ በአንድ ሙከራ አስገባችው። መርፌውን ስትመልስላት ጣታቸው ተነካካ። «አሁንም እጅሽ ይቀዘቅዛል» አለች ሚጡ፣ እንደ ነርስ ሳይሆን እንደ ልጅ። እማማ ስፌት ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገድ ላይ ለምታገኘው ሰው ሁሉ ሰላምታ ስትሰጥ፣ የጫማ ጠጋኙን ሁለት ጊዜ ሰላም ብላው አለፈች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትንሿ ከዙህር እስከ መግሪብ የምትጾምበት ተራዋ ነበር፤ የስድስተኛዋ ጨረቃ ሁለተኛ ግማሽ። ልጆቹ ትምህርቱ እስኪጀመር ግቢው ውስጥ ሲሯሯጡ ቆይተው ገቡ። ትንሿ መጨረሻ ላይ ገባች። አገጯ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ምንጣፉ መሃል ስትደርስ ድንገት ቀጥ አለችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«ጠጣሁ» አለች። «እማማ፣ ጠጣሁ።»

«እኔም አይቻታለሁ» አለች የዳቦ ጋጋሪው ልጅ። «በእጇ እየዘገነች ብዙ ነው የጠጣችው።»

«ረስተሽ ነው?» አለች እማማ ስፌት።

«ረስቼ።»

«እንግዲያው ምንም አልሆነም። ጾምሽ ሙሉ ነው። እስከ መግሪብ ጨርሺውና ነገ ትሰፊያታለሽ።»

ይህንን ያለችው እንደ ሌላው ጊዜ በሹክሹክታ ነበር፤ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ግን ጆሮዋን አቁማ ነው የቆመችው። እሷም መጥፎ ልጅ አይደለችም፤ ነገር እንዲስተካከልላት የምትፈልግ ዓይነት ልጅ ናት።

«የልጅ ልጅዎ ስለሆነች ነው» አለች። «እናቴ ነግራኛለች። ድሮ የራስዎ ልጅ ውሃ ስለጠጣች ተርትረውባታል። እማማ ስፌት ለማንም አያዳሉም ብላኛለች። ታዲያ ለእሷ ለምን አይተረተርም?»

ትንሿ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ጨርቋን ከግድግዳው ላይ አውርዳ አያቷ ጉልበት ላይ ጣለችው።

«ተርትሪው» አለች እየተንሰቀሰቀች። «ሁሉንም ተርትሪው።»

እማማ ስፌት ጨርቁን ያዘች። ያው ክፍል ነው፣ ያው ምንጣፍ፣ ያቺው ክስ። ጊዜ እንደገና መጥቶ «እስቲ አሁንስ» ያላት መሰላት። በዚህች ሰዓት አንድ ነገር ብቻ አሰበች፤ ይህችኛዋን ልጅ አልሰብርም። ሌላውን ሁሉ፣ ለዒድ ያለችውንም ጭምር፣ ረሳችው።

«ልጆች፣ ሁላችሁም ስሙኝ» አለች። «ትንሿ ስለሆነች አይደለም። ረስቶ የበላ፣ ረስቶ የጠጣ ማንም ሰው ጾሙ አይፈርስም። ይሄ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እኔ ራሴ ልክ እንደ እሷ ሰባት ዓመቴ ሳለ ከአባቴ ጋር ከመንገድ ስንመለስ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ የውሃ እቃ አንስቼ ግጥም አደረግሁት። ጠጥቼ ስጨርስ ትዝ አለኝና ምድር ላይ ተዘርሬ አለቀስኩ። አባቴ ሳቀብኝ። ‹የረሳን ጾመኛ ያጠጣው አላህ ነው፤ ተነሺ፣ ጾምሽ አንዲት ክር እንኳ አልተበጠሰባትም› አለኝ። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህንን አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።»

ትንሿ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ሌሎቹም ተነፈሱ። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ግን ገና አልጨረሰችም፤ ግንባሯን ቋጥራ ስታስብ ቆይታ እጇን አወጣች።

«በሰባት ዓመትዎ ካወቁ፣ ያኔ ልጅዎን ለምን ተረተሩባት?»

እማማ ስፌት አፏን ከፈተች። ያኔ ነው ቀና ብላ ወደ በሩ ያየችው። ሚጡ ነጭ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ደጃፉ ላይ ቆማለች። ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ ነው። በአንድ እጇ አንድ ጥቅል ቢጫ ክር ይዛለች፤ መንገድ ላይ አይታው ለእናቷ የገዛችው ይመስላል።

«መልሺላት እንጂ» አለች ሚጡ።

ልጆቹ አንዴ ይህችን አንዴ ያችን ያያሉ።

«ትንሿ፣ ቦርሳሽን አንሺ።»

«ጾሜስ?»

«ጾምሽ ሙሉ ነው። አያትሽ ታውቃለች።»

እማማ ስፌት ጫማዋን ሳታደርግ ተከትላቸው ወጣች። ቧንቧዋ ጋ ደረሰችባቸው። ሚጡ ልጇን ወደ ግቢው በር ቀድማ እንድትሄድ ላከቻትና ዞረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ብትጮህባት ለእናትየዋ ይሻላት ነበር።

«በሰባት ዓመትሽ» አለች።

«ሚጡዬ…»

«አባዬ ‹አላወቀችም› ብሎ ለመነኝ። እሱም ያውቅ ነበር?»

«እሱ ምንም አያውቅም። እሱንም የዋሸሁት እኔ ነኝ። በአባትሽ አትፍረጂ።»

«ለምን?»

«ሴቶቹ በር ላይ ቆመው ነበር» አለች እማማ ስፌት። ሃያ ስድስት ዓመት ሆዷ ውስጥ ተቆልሎ የኖረው ነገር ከአፏ ሲወጣ ይህችን ታክል ብቻ ሆነ። «የሰው አፍ ፈርቼ ነው።»

ሚጡ ቧንቧዋን አየቻት። ከአፏ አንዲት አንዲት ጠብታ ትወርዳለች፤ ዘወር አድርጋ አጠበቀቻት።

«እኔ እኮ ይቅር ያልኩት አለማወቅሽን ነበር» አለች። «ያንን ነገር ለራሴ ስንት ዓመት ስነግረው ኖርኩ። አላወቀችም፣ አላወቀችም እያልኩ። አሁን ከየት ልጀምር፣ እማዬ?»

«ለዒድ ልነግርሽ ነበር።»

«ሃያ ስድስት ዒድ አልፏል» አለች ሚጡ።

ቢጫውን ክር ቧንቧው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ትንሿ ከግቢው በር ሆና «ነገ እሰፋታለሁ አይደል?» ብላ ጮኸች። ለማን እንደጮኸች አልታወቀም።

በማግስቱ ትንሿ አልመጣችም። በሦስተኛው ቀን እማማ ስፌት ደወለች፤ የሚጡ ባል አነሳና በትሕትና «ሥራ ላይ ናት፣ እነግራታለሁ» አላት። ትንሿን የምትይዝ ጎረቤት ተገኝታለች አለ። በሰባተኛው ቀን ስትደውል ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ አልደወለችም። የትንሿን ጨርቅ ግን መልሳ ግድግዳው ላይ ሰቅላ አላወረደችውም፤ አምስት ጨረቃና በስፒል የተሰካች አንዲት ግማሽ። ሁለተኛውን ቁራጭ ገጥማ ራሷ ብትሰፋው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የሰው ጨረቃ መስፋት ግን አይፈቀድም፣ ደንቡ የእሷው ነው።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ልጆቹ ስንዴያቸውን ዛቁ፣ የጎደለው ተሞላላቸው፣ ጨርቃቸውን እየተቀበሉ ወጡ። የቀለም ነጋዴው ሚስት የልጅ ልጇን ልትወስድ መጣች። አሁን እሷም አርጅታለች፤ ጉልበቷ እያመማት በሩን ተደግፋ ነው የምትቆመው።

«ዘንድሮም ለፋሽ። አላህ ይቀበልሽ» አለች።

እማማ ስፌት ጨርቅ ማጠፏን ትታ ፊት ለፊቷ ቆመች። በሩ ላይ ሌሎች እናቶችም አሉ፤ አሁን ግን ግድ አልሰጣትም።

«ያኔ ሚጡ ረስታ ነበር የጠጣችው» አለቻት። «ጾሟ ሙሉ ነበር። እያወቅሁ ነው የተረተርኩባት። አንቺን ፈርቼ።»

«የቱን ያኔ?»

«ልጅሽን በብስኩቱ የተረተርኩበት ዓመት። አንቺ ሁለት ሴቶች አስከትለሽ እዚሁ በር ላይ ቆመሽ ‹እስቲ አንቺን እንይሽ› ያልሽኝ ቀን።»

የቀለም ነጋዴው ሚስት ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ለማስታወስ ሞከረች። እውነቷን ነው የሞከረችው።

«እንጃ እቴ» አለች። «ልጄ በብስኩት ተይዞ ነበር? አንድም ትዝ የሚለኝ ነገር የለም። አንቺ ደግሞ፣ ይህንን ሁሉ ዘመን ይህንን ተሸክመሽ? ተይው፣ የድሮ ነገር ነው።» የልጅ ልጇን ጫማ ከክምሩ ውስጥ ለይታ አደረገችለትና እጁን ይዛ ወጣች።

እማማ ስፌት የባዶውን ክፍል በር ገፋ አድርጋ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ሴትየዋ ረስታለች። የረሳ ሰው ደግሞ ምንም የለበትም፤ ይህንንም ለልጆቹ ያስተማረችው እሷው ናት። የፈራችው አፍ የተናገረውን እንኳ አያውቅም፤ ለእሱ ስትል ልጇን ሰጠችው። ሳቋ መጣና ትንሽ ሳቀች፣ ሳቁም መሃል ላይ ቆመባት።

ከዚያ ተነስታ የትንሿን ጨርቅ ከግድግዳው አወረደች። ጨርቁን አጥፋ ለሚጡ ባል በሰው እጅ ልትልክለት አሰበች። ግማሿን ግን ስፒሉን ነቅላ ለብቻ አነሳቻት፤ ያልተሰፋች ነገር መንገድ ላይ ትወድቃለች። ቆርቆሮዋን ከፍታ የክሩን ጥቅል ወደ ጎን አደረገች። ከሥሩ ሁለት ግማሽ ነበሩ፤ አሁን ሦስት ሆኑ።